ቁጥር የተመታበት ደብተር

ባሕር ዳር፣ ጥር 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ጽጌ፣

ከልጆችሽ ጋር እንደምን ከርማችኋል? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ፍርሃቱ ግን እህል አላስበላ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንሁትም። ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴዋ ዘይነት ነገ ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ባለፈው ሰኞ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ እንደ ልማዴ የተናጋሪውን ሁሉ ቃል በአጭር ጽሕፈት፣ ባስተማርሽኝ ምልክት፣ ስይዝ ነበር። ካድሬው ስልክ ሊያነጋግር ወጣ ሲል የግምጃ ቤቱ አቶ አካሉ ድንገት ተነሡና፣ «የወሰዳችኋቸውን ልጆቻችንን መልሱልን፤ ከሞቱም ሬሳቸውን ስጡን» አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። የእኔ እጅ ግን አንቺ እንዳስለመድሽው ጆሮ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል፤ ጻፈው። ልብ የገዛሁት በታይፕ ስገለብጠው ነው። የእሳቸውን አራት መስመር ዘለልሁት።

ማን እንደነገረው አላውቅም፣ በማግስቱ ካድሬው ሰማ። ሰዉን አንድ በአንድ ቢጠይቅ ሁሉም «አልሰማሁም» አለ። ደብተሬን አስመጣ። ገጹ ሁሉ ቁጥርና ማኅተም ስላለበት ቀድጄ ላጠፋው አልቻልሁም። «አንብቢ» አለኝ። ታይፑ ላይ ያለውን ብቻ አነበብሁለት። «ሌላ ማን ያነበዋል?» ሲለኝ፣ እኔ ሞኟ፣ የሚተወኝ መስሎኝ፣ «ምልክቱ የራሳችን ነው፤ ካስተማረችኝ እኅቴ በቀር የሚያነበው የለም» አልሁት። ምላሴን በቆረጠው! ስምሽንና መሥሪያ ቤትሽን ጽፎ ያዘ።

እንድታነቢላቸው ደብተሩ ሰኞ አንቺ ዘንድ ይደርሳል። አቶ አካሉ እስከዚያ ታስረዋል። ዛሬ ሚስታቸው ባንቺአየሁ ስንቅ ይዛ በሐይቁ ዳር ስታልፍ አገኘችኝና፣ «እኅቴዋ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ደኅና ነገር ነው?» አለችኝ። «ደኅና ነው» አልኋት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

የታይፑን የካርቦን ቅጂ ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። ለምን እንደላክሁት አልጽፍም። ልጅ ሳለሁ አንድ ቃል ብዘል ጣቴን በማስመሪያ ትመቺኝ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? ልጆች አሉሽ፤ ያየሽውን ሁሉ ብታነቢ አልቀየምሽም። ብቻ የአቶ አካሉ ቃል ያለበት ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። የእኔ ተንቀጥቅጧል፤ የጠረጠረኝም በዚያ ነው።

እመቤታችን ከነልጆችሽ በጥላዋ ትሰውርሽ።

ታናሽሽ ሰገነት