ፌንጣን የሚያልፈው ስልክ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ "ደህና ነኝ" እያልክ ትደብቀናለህ? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ፌንጣ ሆስፒታል ተኝቷል።

ስሙን ስታይ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ይሁን፤ ለታናሽ ወንድማችን ይህን ስም ያወጣህለት አንተ ነህና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

መጠጥ ካቆመ ወራት አልፈውት ነበር። ብየዳ ቤቱም መልሶ ቀጥሮት፣ ማታ ዓይኑን የብየዳው ብልጭታ አቅልቶት ሲገባ እናታችን "ይሄኛውስ ቅላት ይባረክ" ትለው ነበር። እሑድ እሑድ አንተ ስትደውል ግን ስልኩ ከእናታችን ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ባለቤቴና ወደ ልጄ ይዞርና ፌንጣን ያልፈዋል። እሱ የመስኮቱን ማጠፊያ የሚጠግን መስሎ ይቆማል። "ሰው እስኪሆን ድምፄን አይሰማም" ብለህ ምለሃላ። ሰው ሆነ ብንልህም "ተዉኝ፣ አውቀዋለሁ" አልክ። ባለፈው እሑድ ራሱ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለ። "ጋሼ" ከማለቱ ዘጋህበት። ስልኩን ለእናታችን መልሶ ወጣ። ሲመሽ ጎረቤት ደግፎ አመጣልን፤ ደም ያስመልሰው ነበር።

ሐኪሟን ይህን ያህል ችሎ ምን ነካው አልኳት። ሰው ሲጨነቅ አንጎሉ የሚያመነጨው ሆርሞን አለ አለችን። ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው መጠጡን ሲተው ይኸው ሆርሞን ይገነፍልበታል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ትንሿ ነገር ታስበረግገዋለች። በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘውም እንደዚሁ ነው። ያኔ የሚጠጣው ሊደሰት ሳይሆን ጭንቁን ሊያበርድ ነው፤ በማግስቱ ግን ብሶ ይመጣበታል። ማግለልና ማዋረድ ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው አለች። እናታችን "ታዲያ ይሄን ነገር ቆርጣችሁ አታወጡልንም?" ብትላት፣ ሐኪሟ ሳቅ ብላ "ያለሱማ መኪና ሲመጣብዎት እንኳ አይሸሹም" አለቻት።

አንተ አሳመምከው ማለቴ አይደለም፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው። ብርጭቆውን ያነሳው የራሱ እጅ ነው። ግን ጉበቱ አልቋል፤ አንድ ጊዜ ቢደግመው አይተርፍም ተብለናል። አንጀቴ እርር ብሏል ጋሼ። ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፣ አንዳችሁንም መቅበር አልችልም። እሑድ ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ። ተቆጣው፣ ከፈለግህ ስደበው፤ ብቻ አትዝጋበት።

እናታችን ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ከአልጋው አጠገብ አልነሳ ብላለች። ባለቤቴ በአክብሮት እጅ ይነሳል። ልጄ "አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው?" እያለች ታደርቀኛለች። ፌንጣን ምን ልበልልህ ብለው፣ "የኔን ሰላምታ አትጻፊ፤ ካየው ደብዳቤውን ይጥለውና የእናታችንም ሰላምታ ሳይደርሰው ይቀራል" አለኝ። ስለዚህ የእሱን መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ፌንጣ ሰላም ይልሃል።

እህትህ

ከሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን