ሚሚ ዘንድ የቀረው ጥሩንባ

አቶ ማሩ ዋልልኝ ከአባታቸው ከአቶ ዋልልኝ አየነውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውቢት ደሴ በ1946 ዓ.ም. አንበሳሜ አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር መጥተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ በእህል መጋዘን ጥበቃም ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። በ1971 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሠናይት ሙላቴ ጋር ተጋብተው ዳኛቸውንና ፍቅርተን ወልደዋል።

የሰፈራችንን እድር ጥሩንባ የተረከቡት በ1985 ዓ.ም. ነው። በ1998 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሰውነት ሚስቱ ሞታበት በሩን ዘጋ። ሁላችንም "ኀዘን ነው፤ ተዉት፣ ይውጣለት" አልን። አቶ ማሩም የሌላ ሰው ለቅሶ ሲለፍፉ በዚያ በር ሁለት ጊዜ አለፉ። በሦስተኛው ቀን የለፈፉት የገዛ ወንድማቸውን ሞት ነበር። ለዚህም እስከ ዕለተ ሞታቸው ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ብቅ የማይልበት ቤት ካዩ፣ ተመልሰው ያንኳኩና ጥሩንባውን እዚያው አደራ ያስቀምጣሉ። እንግዲህ ለቅሶ በመጣ ቁጥር ያ በር መከፈቱ ግድ ነው። ለቅሶ በሌለ ጊዜም "ልወልውለው" እያሉ በየማለዳው ይሄዳሉ፤ ቁጭ ብለው ይጫወታሉ። በዚህ መንገድ ከተዘጋ ቤት የወጣችሁ ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክማችሁ መጥታችኋል።

የሰውነት ልጅ ሚሚ ባለፈው የካቲት ከሪያድ ተመልሳ በአባቷ ቤት በሯን ዘጋች። እኛም ያንኑ የድሮውን ቃል ደገምን። እርሳቸው ግን ጥሩንባውን ይዘው ሄደው "ልጄ፣ ይችን አደራ ያዥልኝ፤ ሰው ሲሞት እመጣለሁ" አሏት። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ማለዳ አላጓደሉም። መስከረም ላይ ሚሚ ደጃፍ ወጥታ አብራቸው መቀመጥ ጀምራ ነበር።

ጥቅምት ላይ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሊጠይቃቸው የገባውን ሁሉ መልሰው የሚጠይቁት "ሚሚን ማን አያት?" ብለው ነበር። እኛም "እናያታለን" እያልን ወጣን። ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ሞታቸው የተለፈፈው ከታችኛው ሰፈር እድር በተዋስነው ጥሩንባ ነው። የእኛው አሁንም ሚሚ ዘንድ ነው፤ ሄዶ ያንኳኳ የለም። በሯ ዳግም ከተዘጋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኛንም ሳይረፍድብን እዚያ በር ያድርሰን። አሜን።