ከአራቱ ማቴዎሶች የትኛው?

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? እዚህ ከተማ የወንጌላዊው የማቴዎስ ስም ያልተለጠፈበት ነገር የለም። መንገዱ፣ ክሊኒኩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የውሻ ሐኪሙ ሳይቀር በእሱ ነው የሚጠራው። ቀራጭ የነበረው ሐዋርያ ስንቱን ተሸከመ!

ትናንት የጫማዬ ተረከዝ ተነቅሎ ጫማ ሰፊዎች ቤት ሰጥቼ ነበር። ዛሬ ልወስድ ሄጄ፣ “የተቀበለኝ ማቴዎስ ነው” ስል ሠራተኞቹ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ባለቤቷ ሴትዮ፣ “የትኛው? ወፍራሙ፣ ሙሽራው፣ አኩራፊው ወይስ ሟቹ?” አለችኝ።

“ሟቹ?” አልኩ ደንግጬ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ሽርጥ አሳየችኝ። “አምና ነው ያረፈው። ስቆጥራቸው ግን አብሬ እቆጥረዋለሁ። ብዘለው ይቀየመኛል” አለች፣ ጫማዬን እየጠቀለለች።

አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ። ባልሽ ካረፈ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቤትሽ በመጣሁ ቁጥር “እሱ” እያልኩ ነው የማወራው፤ ስሙን ብጠራ የማስለቅስሽ እየመሰለኝ። ባለፈው ትንሿ ልጅሽ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ “የአባቢ ስም ያስፈራል እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። ወሬ ቀየርኩባት፤ አልነገርኩሽም እንጂ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፣ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለትንሿ፣ “አያስፈራም፣ አክስትሽ ፈሪ ሆና ነው” በያት። ስመጣ ቁጭ ብለን ስለ ባልሽ፣ ስለ ማቴዎስ እናወራለን። ይኸው፣ ስሙን ጻፍኩት።