የቀይ እስክሪብቶው ሰውዬ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክልኝ? ልጆቹስ በረቱ? እኛ በጣም ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ያነባል።

ማተሚያ ቤት አራሚ ሳለ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ያነብና «ይሄ ደራሲ ዋሸኝ» ብሎ መጽሐፉን ሲወረውር ትዝ ይልሃል? የሚጥመው መጽሐፍ አልነበረም። አሁን፣ ያኔ ከወረወራቸው አንዱን ወፍራም ልብ ወለድ ወዶታል። በየቀኑ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምርና «እንዲህ ያለ ደራሲ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ይለኛል።

ትናንት ግን ተቆጣ። በገጹ ዳር በቀይ «ሴትየዋ እንዲህ አትናገርም»፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ደራሲው እዚህ ጋ ቸኩሏል» የሚል አገኘ።

«ማነው ይሄ ባለጌ፣ የሰው መጽሐፍ ላይ የሚሞነጫጭር?» አለኝ።

ጥቂት ገጾች ገለጥ ገለጥ አደረገና ለስለስ አለ።

«ሰውዬው ግን ማንበብ ያውቃል። ፈልገሽ አምጪልኝ፣ እናወራለን።»

እሺ አባባ አልኩት።

በል፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ከታች ያለችውን ቦታ እንደ ወትሮው ለአባባ ሰላምታ ትቻታለሁ። ባዶዋን ብትደርስህ ክፉ አታስብ፤ ንባብ ይዞት ነው።

እህትህ