አፍናን ማማው ላይ

ለውድ ባለቤቴ ለፈይሩዝ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ነጋ ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የአሠሪሽ ልጆችስ አሁንም ያስቸግሩሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። ይኼን በስልክ ያልነገርኩሽ አፍናን አጠገቤ ሆና ስለምትሰማ ነው። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ ለሚመለሰው ለሙሀመድአሚን ሰጥቼዋለሁ።

አንቺ ኩዌት ከሄድሽ ወዲህ ልጅቷ ድምጿ ጠፍቷል። ስትደውዪ «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ለኔ ነው የምትመልሰው፤ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ናት አሉ። ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ዓዲላ ተማሪዎቹን ጨፋ ወስጄ ወንዙንና እርሻውን ላሳያቸው ስትል እምቢ አልኩ። አንደኛ የቦርከና ወንዝ አለ፣ ሁለተኛ እባብ አለ፣ ሦስተኛ ፀሐዩ፣ ደግሞም የመኪናው ጎማ። መምህርቷ ሰምታኝ ስታበቃ፣ «የአፍናን አባት፣ ጨረሱ ወይስ ጅብም ይጨመር?» አለችኝ። አፍናን ግን ጫማዋን አጥባ በር ላይ አሰጣችው፣ በቃ። ጫማውን ሳይ፣ ወፍ የሚጠበቅበት ማማ ላይ እንዳትወጪ ብያት ፈቀድኩ።

አውቶብሱ ሲነሳ ግን አላስቻለኝም። የጎረቤታችንን የሙጂብን ባጃጅ ይዤ ተከተልኩ። ሙጂብ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ ልጅ ነው የምንከተለው ወይስ ሌባ?» ይለኛል። ደርሰን ማሽላው ውስጥ ተደብቀን ቆምን።

የገበሬው የአብደላ ማሽላ ደርሶ ወፍ ወርዶበታል። ተማሪዎቹ እንጠብቅልህ ብለው በየተራ ይጮሃሉ። አንዷ ከማማው ላይ ጩኸቷን ስትለቀው ወፉ ሁሉ ብድግ አለ፤ ከማዶ ከብት የሚጠብቁት ሳይቀሩ መለሱላት። «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት፣ ጉሮሮዋ አይበጠስም?» አልኩት ሙጂብን። አየኝና ሳቁን ተወ። «ያንተው ናት እኮ ጋሼ» አለኝ።

የገዛ ልጄን ድምፅ አላወቅሁትም፣ ፈይሩዝ። ልቆጣት ነበር፣ ግን ሳታየኝ ተመለስኩ።

ቤት ስትገባ ድምጿ ጎርንኖ ስለ ወፉ፣ ስለ ጭቃው፣ አብደላ ስለሰጣት ጥንቅሽ ስታወራልኝ ሽሮው አረረብኝ። ማማው ላይ መውጣቷንም ራሷ ነገረችኝ። አልተቆጣሁም። የሚቀጥለው ጉዞ ሰንበቴ ገበያ ነው፣ ግመል ሊያዩ። ፈቅጃለሁ። ግመል እንደሚራገጥ ነግሬያታለሁ፣ ሌላ አልጨመርኩም። ሙጂብንም አልቀጠርኩትም።

እናቴ በየሶላቷ ዱዓ ታደርግልሻለች። ሙጂብ ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ያለችውን እህትሽን ዙቤይዳን ሰላም በይልኝ። አፍናን የኔን ሰላምታ እኔው ነኝ የምናገረው ብላ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች፤ እና ስትደውዪ ስልኩን ከጆሮሽ ራቅ አድርገሽ ያዢው።

ባለቤትሽ አብዱልጀሊል
ከሚሴ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.