አክስታችን እጃቸውን ያነሱ ዕለት

ውድ እህቴ ቨርኔል፣

እንዴት ከርመሽልኛል፣ እህት ዓለም? ባልሽስ? ልጆቹስ? ያ ክፉ ሳል ለቀቀሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ብቻ አይደለንም፤ እኔማ ሰሞኑን እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም። የሸንኮራው ማሳ ለአጨዳ እየተቃጠለ ስለሆነ ጥቁሩ አመድ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፤ ያሰጣሁት አንሶላ ላይ ሲያርፍ እንኳ አልተቆጣሁም።

እዚያ ጃፓን የአሜሪካ ፉትቦል አይታይም ስላልሽኝ የወንድማችንን ነገር ከሥሩ ልንገርሽ። ክለቡ ኩዊንሲን ለከርሞ እንደማይፈልገው ነግሮት ስለነበር ያለፈው እሑድ የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። መቼም ታውቂዋለሽ፤ ከጭሱ የምታመልጥ ጥንቸል ሲያባርር ያደገ ልጅ፣ አንዱ ከተማ ሲወስደው ሌላው ሲያሰናብተው የኖረው የተጠለዘ ኳስ እየተቀበለ በመሮጥ ነው። ኳሱ እስኪወርድ ቆሞ ሲጠብቅ እነዚያ የተጋጣሚው ቡድን ግድንግዶች ሊጥሉት ይንደረደራሉ። እጁን ከራሱ በላይ ቢያውለበልብ በጨዋታው ሕግ ማንም አይነካውም፤ እሱም አይሮጥም። እሱ ግን አንድም ቀን አውለብልቦ አያውቅም። የሄደበት ከተማ ሁሉ የሚወደው ለዚህ ነው፤ የጉልበቱ ጅማት ደጋግሞ የተበጠሰውም ለዚሁ ነው። ሐኪሙ አሁን ከተመታ በሁለት እግሩ መሄዱን እንጃ ካለ ወዲህ እኔ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ኳሱ አየር ላይ ሳለ በቤታችን እጅ ማንሳት ክልክል መሆኑን መቼም አትረሺውም። ያነሳ ሰው ኩዊንሲን ያስቆመዋል ብለን ሁላችንም መዳፋችንን ከጭናችን ሥር እንቀብራለን። እሑድም ቴሌቪዥኑ ፊት እንደዚያው ነበርን። ፀጉር አስተካካዩ ክሊፎርድ በዓሣ የተሞላ አፉን ከፍቶ "ዛሬ እስከ ሜዳው ጫፍ ካልሮጠ ጢሜን እላጨዋለሁ!" ሲል፣ ባለቤቴ ሮይስ "ተው አንተ፣ ሚስትህ ፊትህን አይታ ትሸሻለች" አለው።

የመጨረሻው ኳስ ተጠለዘ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ የሚወርድ አይመስልም ነበር። መብራቱ ውስጥ እየተሽከረከረ ሲቆይ፣ እኔ የማየው ያንን ግዙፍ ሜዳ ሳይሆን ማሳችንን ነበር፤ ትንሹ ኩዊንሲ ጭሱ መሃል ቆሞ ሽቅብ ያያል። ይሄኔ አክስታችን ሎቪ ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አውጥተው ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱት።

ክሊፎርድ "ኧረ እማማ! ያውርዱት! እጅዎን ያውርዱ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ኩዊንሲ እጁን አነሳ። አውለበለበ! ኳሱን እንደ ሕፃን እቅፍ ሲያደርገው ያ ሁሉ የሚንደረደር ሰው ግራና ቀኝ ተከፍሎ አለፈው።

ክሊፎርድ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፤ "እርስዎ ነዎት ያስቆሙት" አላቸው። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አዎ፣ አውቄ ነው ያነሳሁት። እናንተ እስከ ጫፍ ሲሮጥ ማየት አማራችሁ፤ እኔ በደጄ ሲገባ ማየት አማረኝ። አሁን ያንን ዓሣ ወዲህ በል፣ አንተ ባለ ጢም።"

ትናንት መጣልን! መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ በሚጤሰው ማሳ ዳር ዳር በገዛ እግሩ እየተራመደ መጣ። ለምን እንዳውለበለበ ስጠይቀው፣ ኳሱን አንጋጦ ሲያይ አመድ የሚወርድ መስሎት ቤቱ ትዝ እንዳለው ነገረኝ። እዚያው ማሳው ዳር ልጆቼ "ጋሼ ኩዊንሲ፣ ወዳንተ መጣች፣ ያዛት!" ብለው ሲጮሁ አንዲት ጥንቸል ከጭሱ ተፈትልካ ወጣች። እሱ እጁን ሰቅሎ አውለበለበላትና በእግሮቹ መሃል ሹልክ ብላ ሄደች። አክስታችን በራፉ ላይ ቆመው ያዩት ነበር።

ሮይስ ለባልሽ ሰላም በይልኝ ይላል። ልጆቼ ልጆችሽን ይስሙልሻል። ክሊፎርድም ሰላም ብሎሻል፤ ያለ ጢም አታውቂውም። ኩዊንሲ ጎኔ ተቀምጦ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ ይስቃል። አክስታችን ሎቪ ደግሞ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉሻል፤ ከእሑድ ወዲህ ማንም ያውርዱ አይላቸውም።

የምትወድሽ እህትሽ አርሊን
ብላክ ላንዲንግ፣ ፍሎሪዳ
ጃንዋሪ 11 ቀን 2015