የእኔ ተራ የነበረው ማለዳ

ይህች ወረቀት በሹፌሩ በፈጠነ እጅ ከሀርጌሳ ተነሥታ ጉማራ ዳር ካለው ደጃችሁ በሰላም ትግባ። ወንድም ጋሼ ደምመላሽ፣ እንደምን ከርመሃል? ክንድህስ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ ይጠዘጥዝሃል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው? እምዬ ወለተማርያምስ እንደምን አለች? ዓይኗ ባሰባት ወይስ ባለበት ነው? ሙሉዬስ? ትንሿ ኪዳናዊትስ? ከብቱስ፣ ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ያረጋል በአካል ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን።

አንተ ፊደል አልቆጠርህምና ይህን የምታነብልህ ባለቤትህ መሆኗን አውቃለሁ። ሙሉዬ፣ እባክሽ ከዚህ በታች ያለውን አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢለት። ሰው ተሰብስቦ ከሆነም ድምፅሽን አታሳንሺ።

እዚህ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ቤት እየሠራን ነው። ብሎኬት አመላልሳለሁ፣ ሲሚንቶ አቦካለሁ። አሠሪያችን ሀይቤ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱ ለሶላት ሲሄድ እኛንም ዕረፉ ይለናል። የዚህ ከተማ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከባድ ዝናብ ጥሎ ግማሽ ቀን ሞላ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መጥተው ኩሬ ኩሬውን ሲለቃቅሙ ቆሜ ሳይ፣ ሀይቤ ሁለቴ ጠርቶኝ አልሰማሁትም።

እሑድ ደግሞ የአገራችን ልጅ ፈጠነ መጣ። አሁን ከበርበራ ወደብ የሚጭን ሹፌር ሆኗል፤ በግንቦት እናንተ ዘንድ እንደነበረ ነገረኝ። ወንዙ ዳር ተቀምጠህ በግራ እጅህ የሰው መረብ ላይ የሚያርፈውን ወፍ እንደምታባርር አጫወተኝ። ስለ ክንድህ ሰው ሲጠይቅህም፣ “ተራው የያረጋል ነበር፤ ሆዱን ባያመው ኖሮ ልጁን አጥተነው ነበር። እግዚአብሔር በሕመም ሰወረው” ትላለህ አሉ። ፈጠነ ይህን የነገረኝ ደስ ይበለው ብሎ ነው። እኔ ግን ከአጠገቡ ተነሥቼ ከብሎኬቱ ክምር ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ።

ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ሆዴን አላመመኝም ነበር።

አምና ሐምሌ ሲገባ፣ ውኃው ገና መደፍረስ ሲጀምርና ዓሣው ከጣና ወደ ወንዙ አፍ ሲግተለተል የሆነውን ታስታውሳለህ። ማታ የጣልነውን መረብ በማለዳ ካላነሣነው ጥቋቁሮቹ ጠላቂ ወፎች ይቀድሙናል፤ ሆድ ሆዱን በልተው ጭንቅላቱን መረቡ ላይ ይተዉልናል። ያን ሰሞን ግን በወንዙ ወዲህና ወዲያ የታጠቀ ሰው ሰፍሮ ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ሳትወጣ ማንም ውኃ ዳር እንዳይደርስ መከሩ። ሦስት ቀን ጠበቅን፤ ሦስቱንም ቀን ወፍ በላው። መረባችንም ተበጣጠሰ። በአራተኛው ቀን፣ ክረምቱን ምን ልንበላ ነው ብለህ ፀሐይ ሳትወጣ ሄድህና ታንኳህን ሞልተህ ተመለስህ። ማግስቱ የእኔ ተራ ነበር።

የተመለስህ ዕለት ሲመሽ ከማዶ ተኩስ ሰማሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ስትቀሰቅሰኝ ሆዴን ይዤ ተጠቀለልሁ። ሙሉዬ ፌጦ በጥብጣ አጠጣችኝ። አንተ ጋቢህን በላዬ ላይ ደርበህልኝ ወጣህ።

ወፎቹን ለማባረር ጀሪካኑን ስትደበድብ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ሦስት ጥይት ጮኸ። አንተን ብለው ይሁን፣ ድምፁ አስደንግጧቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሙሉዬ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ እኔ ከመደቡ አልተነሣሁም። ጎረቤታችን ገነነ ከሰዎች ጋር በቃሬዛ ሲያስገባህ፣ ደም ከቀኝ ክንድህ እየተንጠባጠበ መጀመሪያ የጠየቅኸው “ያረጋል ተሻለው?” ብለህ ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን እጄን ከሆዴ ላይ አላነሣሁም።

ሄጄ ለሕክምናህ ልሥራ ስል ሁላችሁም መረቃችሁኝ። ፈጽሞ ውሸት አልነበረም። ግን ያባረረኝ ሌላ ነው፤ ከአንተ ጋር ማዕድ መቅረብ አቅቶኝ ነበር። በግራ እጅህ ስትጎርስ ማየት አልቻልሁም። በስልክ ልነግርህም ስንት ጊዜ ሞከርሁ። አንተ ግን ገና ሰላም ሳልልህ “ሆድህን እንዴት አደረገህ?” ትለኛለህ፣ እኔም የእምዬን ደኅንነት ጠይቄ ስልኩን እዘጋለሁ።

ፈጠነ እንዳለኝ ዘንድሮም ዓሣው ሊወጣ ቀኑ ደርሷል፤ ያንተን መረብ የሚጎትት ግን የለም። ወንድም ጋሼ፣ መንገዱን እፈራለሁ። ያን የወንዝ አፍም እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ፈርቼ ዋሽቼሃለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አልፈራም ብዬ አልዋሽህም። ና ካልኸኝ እየፈራሁም ቢሆን እመጣለሁ። ዓይንህን አልይ ካልኸኝም ለፈጠነ ንገረው፤ ይገባኛል። ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ክንድህ የሚጠይቅህ ሰው ሲመጣ ወንድሜን አሞት ነው አትበል። ፈርቶ ነው በል።

የእምዬን ጉልበት ሳሙልኝ፤ ይህን ስትሰማ ብታለቅስ አባብሏት። ኪዳናዊት ፊደል መጨረሷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ግንባሯን ሳሙልኝ። ለገነነ፣ አንተን የተሸከመ ትከሻው አይድከም በሉልኝ። ሙሉዬ፣ እስከዚህ ድረስ ካነበብሽለት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በደለኛው ወንድምህ ያረጋል

ሀርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.